የመንጋ ስልትና የግራፊክስ ፕሮሰሰር ታሪክ

አንድ ሐሳብ በተወለደበት ዘመን የሚስማማውን መሣሪያ ሁልጊዜ አያገኝም። የቅንጣት መንጋ ስልት ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

በ1995 በአውሮፓ አቆጣጠር የማኅበራዊ ሥነ ልቡና ሊቁ ጄምስ ኬኔዲና የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ራስል ኤበርሃርት፥ የወፍ መንጋን አካሄድ ተመልክተው፥ ከብዙ መልሶች የተሻለውን የሚፈልግ የስሌት ስልት አወጡ። እያንዳንዷ ቅንጣት አንድ መልስ ናት፤ የምትጓዘውም የያዘችውን ፍጥነት፥ ራሷ ያገኘችውን ምርጥ ስፍራና ባልንጀሮቿ ያገኙትን ምርጥ ስፍራ አመዛዝና ነው።

ሐሳቡ የማኅበር ሥራ ሲሆን፥ ተራው ፕሮሰሰር ግን ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ ያሰላ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፥ የጎደለው ተሸካሚ ነበር።

ተሸካሚው የመጣው ከጨዋታ ቤት ነው። ለኮምፒዩተር ጨዋታ ሥዕል የተሠራው የግራፊክስ ፕሮሰሰር፥ እጅግ ብዙ ነጥቦችን ባንድነት ለማስላት ብዙ ትንንሽ የማስያ ክፍሎች አሉት። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ በ2007 ኩዳ የሚባለውን የፕሮግራም መሣሪያ ሲያወጣ፥ ይህን ጉልበት ለሌላ ስሌት ማዋል ቀለለ። በ2009 የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዮው ጆውና ዪንግ ታን ስልቱን በዚሁ ፕሮሰሰር ቢያስኬዱት፥ ከተራው ከ11 እጥፍ በላይ ሊፈጥን እንደሚችል ገለጹ።

ይሁን እንጂ ፍጥነቱ ወሰን አለው። ቅንጣቶቹ ለየብቻ ቢሰሉም የጋራውን ምርጥ ስፍራ ለመለየት ውጤታቸውን ማወዳደር ግድ ነው፤ ያን ጊዜ ቀዳሚው ኋለኛውን ይጠብቃል። መንጋው ትንሽ ሲሆንም ብዙዎቹ የማስያ ክፍሎች ሥራ ይፈታሉ።

እንግዲህ ተመራማሪ የተሸካሚውን ብዛት ከመቍጠሩ በፊት፥ ሸክሙ ምን ያህል ሊከፋፈል እንደሚችል መመዘን ይገባዋል።