ማኅበር የሌለው ሐኪም ቤት

በቅርቡ ቢሾፍቱ የተኛ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ሳለ አንዲት ነርስ፣ «የሠራተኛ ማኅበራችሁን ማን ይመራዋል?» ብዬ ጠየቅኋት። ፈገግ ብላ፣ «የሙያ ማኅበር አለን፤ የሠራተኛ ማኅበር ግን የለንም» አለችኝ። ልዩነቱን ከብዙ የሕግ ባለሙያ በተሻለ ታውቀዋለች። የሙያ ማኅበር ስለ ሙያው ይናገራል፤ የሠራተኛ ማኅበር ግን ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት ከአሠሪው ጋር ይደራደራል።

ክፍተቱ የቆየ ነው። ኢትዮጵያ ማኅበር የመመሥረትንና በኅብረት የመደራደርን መብት የሚደነግጉትን ሁለት የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች፣ ቁጥር 87ንና ቁጥር 98ን፣ ያጸደቀችው በ1955 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዘመን የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ግን የመንግሥት ሠራተኛውን ከውጭ አስቀረው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበር ሲኖረው፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በመንግሥት ሐኪም ቤት የሚያድረው አስታማሚ አልነበረውም።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የደብረ ዘይት አየር ኃይል ሠራዊት ተነሣ፤ በዚያው ሰሞን ለጦሩ የደመወዝ ጭማሪ ተደረገ። የካቲት 28 ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ጠመንጃ የያዘ ቀድሞ ይሰማል፣ የተደራጀ ዘግይቶም ቢሆን ይሰማል። ሁለቱም የሌለው ግን ደጅ ይጠናል።

የመንግሥት ሠራተኛን መምራት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት የመምህራንን ታሪክ ማንሣት ይበቃል። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ሊቀ መንበር ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በ1988 ዓ.ም. ታሠሩ፤ በ1991 ዓ.ም. 15 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ1994 ዓ.ም. ተፈቱ። እርሳቸው እስር ቤት ሳሉ ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባዔ የሥራ አመራር አባልም ነበሩ። ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠዋት ወደ ሥራቸው ሲሄዱ አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። መንግሥት ከታጠቀ ቡድን ጋር አገናኛቸው፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ግን መሣሪያ እንዳልያዙ መሰከሩ። አንድ መምህር የመምህራንን ጥያቄ ይዞ በመቆሙ የከፈለው ዋጋ ይህ ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው ለሚፈቅድላቸው፣ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ላሉ የመንግሥት ሠራተኞችም በማኅበር የመደራጀትን መብት ሰጥቷል። ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኛውን አይመለከትም፤ በሚመለከታቸው ድርጅቶችም ቢሆን ሆስፒታልንና ክሊኒክን አድማ ከማይደረግባቸው አገልግሎቶች ይቆጥራቸዋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አልበቃንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ ከንቅናቄው መሪዎች ጀምሮ ብዙዎች ታሠሩ።

«በሽተኛውስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አልጋ ላይ ያለው የእኔም ዘመድ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅትም ቢሆን በሆስፒታል አድማ ሊከለከል እንደሚችል ይቀበላል። ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ አድማ የተከለከለ ሠራተኛ በምትኩ ፈጣንና ገለልተኛ የግልግል ዳኝነት ማግኘት አለበት። አድማን መከልከል አንድ ነገር ነው፤ መደራጀትንና መደራደርን መንፈግ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሁለቱ ተደባልቀው አንድ ክልከላ ሆነዋል።

እኔ የምፈራው አድማውን ሳይሆን ከአድማው በፊት ያለውን ዝምታ ነው። የሚደራደርለት ተወካይ የሌለው ሠራተኛ አንድም ይሰደዳል፣ አንድም በአንድ ቀን ገንፍሎ ይወጣል። ያቺ ነርስ የትኛውን እንደምትመርጥ አልጠየቅኋትም። የሌሊት ተረኛ ነበረችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።