ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል?

ኮምፒዩተር የተቀበለውን የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል በሙቀት መልክ ይመልሳል። ስለሆነም ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ሊያሠራው የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል? የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል ለ300 ሜጋኸርዝ የመደበውን ሴሌሮን 300ኤ አያሌ ተጠቃሚዎች በ450 አሠሩት። ለዚህም ብዙውን ጊዜ የአሉሚኒየም ክንፎችና አንድ ቬንትሌተር በቂ ነበሩ።

ከዚህ ማለፍ የተመኙት ፈረንሳዊው ፔልቲዬ በ1834 ወደ ደረሰበት ግኝት ዞሩ። ሁለት ዓይነት ማስተላለፊያዎች በተጋጠሙበት ኤሌክትሪክ ሲያልፍ አንደኛው መጋጠሚያ ይቀዘቅዛል፤ ሌላው ይግላል። ዳሩ ግን ይህ የቴርሞኤሌክትሪክ መሣሪያ ሙቀትን ያዛውራል እንጂ አያጠፋም። ፕሮሰሰሩ 50 ዋት ቢያመነጭና መሣሪያው ራሱ 80 ዋት ቢወስድ፣ በትኩሱ ወገን 130 ዋት መወገድ አለበት። ቅዝቃዜው ከልክ ካለፈም የአየሩ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ሰርኪዩቱን ያበላሻል።

ውሃ በእኩል ይዘት ከአየር ከ3000 እጥፍ በላይ ሙቀት ይሸከማል። አይ ቢ ኤም በ1980 ይፋ ያደረገውን 3081 በውሃ ያቀዘቀዘው ስለዚህ ነበር። ሆኖም በ1990ዎቹ ጥቂት ኃይል የሚወስደው ሲሞስ የቀድሞዎቹን ትራንዚስተሮች ሲተካ፣ ኩባንያው ትላልቅ ኮምፒዩተሮቹን ወደ አየር መለሳቸው። ድሉ የማቀዝቀዣው ሳይሆን ሙቀቱን ከምንጩ የመቀነስ ነበር።

የውሃው ራዲያተርም ሆነ የቴርሞኤሌክትሪኩ ትኩስ ወገን በመጨረሻ ሸክማቸውን የሚያራግፉት በአየር ላይ ነው። መሐንዲሱ የሚመርጠው የሙቀቱን መንገድ እንጂ መድረሻውን አይደለም።