አቼቶ የሚሸተው ፎርማ

ፎርማ ስንል የጡብ ሠሪውን ሳጥን አስቡ። (ኢንተርኔቱን ተርጉምልን ስንለው «ሻጋታ» የሚለንን ወዲያ በሉት፤ እሱ የከረመ ዳቦ ላይ የሚበቅለው ነው!) የሬዚን ጆሮ ጌጥና ቁልፍ መያዣ የሚሠሩ ልጆች ፎርማቸውን ቤታቸው ያበጃሉ። አንድ ቱቦ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን፣ ከኩሽና የተወሰደ የበቆሎ ስታርች፣ በቃ። ነገሩ ቀላል ይምሰል እንጂ ታሪኩ ብዙ ዞሯል።

የድሮ ፎርማ ችግሩ ድርቀቱ ነው። ጎበጥ ሰርጎድ ያለ ቅርጽ ሸክላ ወይም ጀሶ ውስጥ ከጠጠረ በኋላ አልወጣም ይላል፤ ወይ ሥራው ይሰበራል ወይ ፎርማው። የእኛ አንጥረኞች ፎርማውን መረጡ። መስቀሉን መጀመሪያ በሰም ይቀርጹታል፣ ሰሙን በጭቃ ይሸፍኑታል፣ በእሳት ሲያግሉት ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው የቀለጠ ነሐስ ይገባል። ከዚያ ጭቃውን መስበር ነው። ቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። ሰሙ ሄዷል፣ ጭቃው ተሰብሯል፤ እንዲህ የተሠራ መስቀል መንትያ የለውም።

የማይሰበር፣ ተለጥጦ ሥራውን የሚለቅ ፎርማስ? እዚህ ላይ ፍሬድሪክ ኪፒንግ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ይመጣል። ኖቲንግሃም ውስጥ 40 ዓመት ገደማ የሲሊከን ውህዶችን ሲያጠና ኖረ፤ «ሲሊኮን» የሚለው ስምም የእሱ ነው። ሰውዬው የሚፈልገው ንጹሕ ክሪስታል ነበር። ዕቃው ሥር የሚቀርለት ግን ሙጫ መሳይ፣ አልጠራ ያለ ዝቃጭ! እ.ኤ.አ. በ1937 በታተመ ንግግሩ ከዚህ መስክ ብዙ ተስፋ እንደማይጠብቅ ተናገረ። ምስኪን፤ ሀብቱ ዝቃጩ ውስጥ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ1940፣ ዩጂን ሮቾው በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲሊኮንን በብዛት ለመሥራት የሚያስችለውን መንገድ አገኘ። በ1943 ዳው ኮርኒንግ ተቋቋመ፤ ጦርነት ነውና የመጀመሪያው ሥራው የጦር አውሮፕላኖችን የሞተር ማቀጣጠያ ከእርጥበት የሚከላከል ቅባት ነበር። በ1969 ጨረቃን የረገጠው ጫማ ሶሉ የሲሊኮን ጎማ ነበር። ከጨረቃ ወደ መታጠቢያ ቤት ወረደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቱቦው። ሲከፈት አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን ዓይነት ፈልጉ፤ ሽታው የእውነት የአቼቶ አሲድ ነው። ሲሊኮኑ የሚጠጥረው ከአየር እርጥበት ሲያገኝ ነው፤ ሲጠጥርም አሲዱን ይለቃል። ወፍራም አድርጋችሁ ከለጠፋችሁት ውጪው ሲጠጥር ውስጡ ለቀናት ጭቃ ሆኖ ይቀራል፣ እርጥበቱ አይደርሰውማ። ስታርቹ የሚገባው ለዚህ ነው። በውስጡ የያዘውን እርጥበት እስከ መሐል ያደርሳል፤ እኩል ለእኩል ገደማ ሲቦካ የቀናቱ ሥራ የደቂቃዎች ይሆናል። ቶሎ ቶሎ ነው ታዲያ! መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ። የምትገለብጡት ዕቃ መስታወት ከሆነ ቫዝሊን ቀቡት፤ ይህ ነገር የተሠራው መስታወት ላይ እንዲጣበቅ ነውና። ሬዚኑን ግን በቀላሉ ይለቃል። በነገራችን ላይ ያልጠጠረ ኤፖክሲ ሬዚን ቆዳን አለርጂ ያስይዛል፤ ጓንቱን አታውልቁ።

እኛን የሚያነጋግረን ሌላ ነው። ጭቃው በተሰበረበት ዘመን አንድ መስቀል አንድ ነበር። ዛሬ የሰው ልጅ ሳምንት ሙሉ የቀረጸችውን ጆሮ ጌጥ አንዱ ገዝቶ፣ ማታ ሲሊኮን ውስጥ ነክሮ፣ በነጋታው በግማሽ ዋጋ ይሸጠዋል። ይህን «ቢዝነስ ነው» የሚሉንን አንሰማቸውም፤ ሌብነት ነው። ፎርማ መሥራት የምትፈልጉ ሰም ወይም የልጆች ፕላስቲሊን ግዙና የራሳችሁን ቅረጹ።

የአያታችሁን የእንጨት መስቀል ደግሞ አደራ እንዳትነክሩት። ሲሊኮን ዘይት ይለቃል፣ እንጨትም ድንጋይም ይመጠዋል፤ ከገባ በኋላ ዕድፉን የሚያስለቅቅ ሳሙና የለም።