የነጣው ሰማይ፦ በፎቶግራፍ ላይ የበዛን ብርሃን የማረም ታሪክ



ዛሬ ከእናንተ አንዱ ያነሣው ፎቶግራፍ ሰማዩ ነጥቶ ቢያገኘው፣ በኮምፒውተሩ ላይ የብርሃን መቆጣጠሪያውን ወደ ግራ ይጎትታል፤ ደመናውም ይመለሳል። ወይም የተመለሰ ይመስላል። ንግግሬ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ነው፤ ልዩነቱም ከኮምፒውተር ይቀድማል።

እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ስኮት አርቸር እ.ኤ.አ. በ1851 ይፋ ያደረገው የኮሎዲዮን ዘዴ፣ የተቀባው መስታወት ሳይደርቅ ፎቶ ማንሣትን ይጠይቅ ነበር። ቅቡ ለሰማያዊ ብርሃን እጅግ ፈጣን፣ ለአረንጓዴና ለቀይ ግን ዳተኛ ነው። ስለዚህ ዛፉና ምድሩ በቅጡ እስኪቀረጹ ድረስ ሰማዩ ከልኩ በላይ ብርሃን ይጠጣል፤ በወረቀት ሲታተምም ባዶ ነጭ ይሆናል። እንዲያውም ብዙዎቹ ባለሙያዎች ጉድፉ እንዳይታይ የነጌቲቩን ሰማይ በቀለም ይደፍኑት ነበር። በዘመኑ ፎቶግራፎች ላይ ደመና ጠፍቶ ስናይ ቀኑ ብራ ነበር ብለን መደምደም የማንችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለግሬ የተለየ መላ ዘየደ። በ1857 ባነሣው «ታላቁ ማዕበል» ለባሕሩ አንድ፣ ለሰማዩ ሌላ ነጌቲቭ ተጠቅሞ፣ ሁለቱን በአድማሱ መስመር አጋጥሞ በአንድ ወረቀት ላይ አተማቸው። ውበቱን የሚክድ የለም። ሆኖም አንዱን ሰማይ በሌሎች የባሕር ሥዕሎቹም ላይ እናገኘዋለን፤ ያ ደመና የየትኛው ቀን ደመና ነው?

ከዚያ በኋላ በጨለማ ክፍል የዳበረው ሌላው መንገድ በባለሙያዎች ዘንድ «ማቃጠል» ይባላል። ብዙ ብርሃን ያገኘው የነጌቲቭ ክፍል ጠቁሮ ቢደፈንም፣ ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ በውስጡ አለ። አታሚው የቀረውን ሥዕል በካርቶን ወይም በመዳፉ ከልሎ፣ ለሰማዩ ብቻ ተጨማሪ ሰከንዶች ይሰጠዋል። በ1990 ለገበያ የቀረበው የቶማስና የጆን ኖል ፎቶሾፕም ይህን ስም ወርሷል፤ የመሣሪያው ምልክት ዛሬም ብርሃን ለማሳለፍ የተጠቀለለ እጅ ነው።

ስሙ ቢወረስም ቁሱ ግን ተለውጧል። በተለመደው ዲጂታል ምስል የእያንዳንዱ ቀለም መጠን ከ0 እስከ 255 ይቆጠራል። ሦስቱም ቀለሞች 255 ከደረሱ በዚያ ቦታ የተመዘገበ ዝርዝር የለም፤ ቢያቃጥሉት ግራጫ ይሆናል እንጂ ደመና አይሆንም። ካሜራው ጥሬውን ፋይል አስቀምጦ ከሆነና አንዱ ቀለም ከጣሪያው ካልደረሰ፣ ፕሮግራሙ የቀሩትን ከእርሱ ይገምታል። ይህ በከፊል ማግኘት፣ በከፊል መገመት ነው። በ2020 በፎቶሾፕ ላይ የተጨመረው ሰማይ የመተካት ተግባር ግን በቀጥታ የለግሬ ልጅ ነው።

«ተስተካክሏል» የሚለው ቃል እነዚህን ሁሉ በአንድነት ይሸፍናቸዋል። ስለዚህ በማማክራቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ፣ ከፎቶግራፉ ግርጌ ዝርዝሩ ተገኝቶ፣ ተገምቶ ወይስ ተተክቶ እንደሆነ እንዲጻፍ፣ ያልተነካው ፋይልም አብሮ እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ።