ሶኬት (የኔትወርክ ፕሮግራሚንግ)

ሶኬት በኔትወርክ የተገናኙ ሁለት ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የግንኙነት ጫፍ ነው። ዛሬ የተለመደው አሠራር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ ተሠርቶ በ1983 እ.ኤ.አ. ከወጣው 4.2ቢኤስዲ ከተባለው የዩኒክስ ዝርያ የመጣ ነው፤ ሊኑክስ፣ ማክና ዊንዶውስም ከሞላ ጎደል ይህንኑ ይከተላሉ።

አገልግሎት ሰጪው ፕሮግራም (ሰርቨሩ) በ«ሶኬት» ትእዛዝ ጫፉን ይፈጥራል፤ በ«ባይንድ» ከአድራሻና ከፖርት ቁጥር ጋር ያያይዘዋል፤ በ«ሊስን» ጥሪ ለመቀበል ይዘጋጃል፤ በ«አክሰፕት» ደንበኛ (ክላየንት) እስኪመጣ ይጠብቃል። ለክላየንቱ «ሶኬት» እና «ኮኔክት» ይበቁታል። «አክሰፕት» ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ሶኬት ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ማዳመጡን ይቀጥላል። ብዙ ጀማሪ ይህን ሳያስተውል ያልፋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ግን መረጃውን የሚያመላልሰው ፕሮቶኮል፣ ቲሲፒ፣ የመልእክት ድንበር የማያውቅ መሆኑ ነው። ክላየንቱ «ሰላም» እና «ደህና» ብሎ በሁለት «ሴንድ» ቢልክ፣ ሰርቨሩ በአንድ «ሪሲቭ» «ሰላምደህና» ሊያነብ ይችላል። በአማርኛ ጽሑፍ ችግሩ ይብሳል፤ በዩቲኤፍ-8 የፊደል ኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ንባቡ ፊደሉን መሃል ላይ ሊቆርጠው ይችላል። አስተማማኙ መፍትሔ የመልእክቱን ርዝመት በባይት አስቀድሞ መላክ፣ ተቀባዩም ያ መጠን እስኪሞላ ደጋግሞ ማንበብ ነው። ይህን በእጁ ሠርቶ ያላየ ሰው ሶኬት ተምሯል ማለት ያስቸግራል።

በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው የሪቻርድ ስቲቨንስ «ዩኒክስ ኔትወርክ ፕሮግራሚንግ» የዘርፉ ዋና መማሪያ ሆኖ ቆይቷል። ለልምምድ ሁለተኛ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ በ127.0.0.1 አድራሻ ሰርቨሩንም ክላየንቱንም በአንድ ማሽን ላይ ማስኬድ ይቻላል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል።