ከካምቢዮ ፋብሪካ ወደ ከዋክብት መመልከቻ፦ የፒኤልሲ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ቴሌስኮፕ ቢሆንም የሚጀምረው ከመኪና ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የጄኔራል ሞተርስ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ክፍል መሐንዲሶች ማሽኖቻቸውን ያዝዙ የነበረው ሪሌይ በታጨቀባቸው ፓኔሎች ነበር። የመኪናው ሞዴል በተለወጠ ቁጥር ሽቦው ተፈትቶ እንደገና ይታሰራል፤ አለዚያም ፓኔሉ እንዳለ ይጣላል። ስለዚህ ሽቦ ሳይነካ በፕሮግራም የሚለወጥ፣ የፋብሪካን ሙቀትና አቧራ የሚችል፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም አንብቦ የሚረዳው መቆጣጠሪያ እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ዲክ ሞርሊና ባልደረቦቹ በ1969 ሞዲኮን 084ን አቀረቡ። ቁጥሩ የድርጅታቸው 84ኛ ሥራ መሆኑን ያመለክታል። ዛሬ ፒኤልሲ የምንለው መሣሪያ የትውልድ ሐረግ ከዚህ ይቆጠራል።

ከሦስቱ መስፈርቶች የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

የሥነ ፈለክ ሰዎች ይህን መሣሪያ ለረጅም ጊዜ ለዋናው ሥራቸው አልመረጡትም። በቺሊ ፓራናል ተራራ ላይ ከቆሙት ባለ 8.2 ሜትር አራት ቴሌስኮፖች የመጀመሪያው በ1998 ብርሃን ሲቀበል፣ የሚቆጣጠሩት ለሥራው የተዘጋጁ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ምርጫው ስሕተት አልነበረም። የዘመኑ ፒኤልሲ ቫልቭ ለመክፈትና ሞተር ለማስነሣት እንጂ፣ ኮከብን ተከትሎ ብዙ ሞተሮችን በአንድ ቅጽበት ለማስተባበር አልተሠራም። በመሆኑም ወደ ከዋክብት መመልከቻዎች የገባው በጓሮ በር ነው፤ ጉልላቱን፣ ማቀዝቀዣውንና የአደጋ መከላከያውን እንዲጠብቅ ተሰጠው።

ሁኔታውን የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። በ1993 የፒኤልሲ ቋንቋዎች ዓለም አቀፍ መስፈርት ወጣላቸው። በ2003 ደግሞ ኢተርካት የተባለው የመረጃ መስመር ቀረበ፤ በእርሱም ተራርቀው የተቀመጡ መሣሪያዎች ከአንድ ማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ሰዓታቸውን ያስማማሉ። ከዚያ በኋላ በላ ፓልማ ደሴት የሚገኘው የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ባለ 1.2 ሜትር ሜርካቶር ቴሌስኮፕ ቁጥጥሩን በፒኤልሲ አደሰ። በ2017 በፓራናል ሥራ የጀመረው፣ ምድርን የሚመስሉ ፕላኔቶችን የሚፈልገው ኤስፕሬሶ የተባለው ስፔክትሮግራፍም በፒኤልሲ ይታዘዛል። አሁን በመገንባት ላይ ላለው ባለ 39 ሜትር ግዙፍ ቴሌስኮፕም የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ ይህንኑ መንገድ መርጧል።

ለዚህ ለውጥ ምክንያቱ ርካሽነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ዕድሜ ነው እላለሁ። ቴሌስኮፕ ሠላሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል፤ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ግን ከዚያ በፊት ከገበያ ይጠፋል፣ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰውም ጡረታ ይወጣል። በወጣትነቴ በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ የዋናው ፓኔል ሥዕል የሚገኘው በአንድ አዛውንት ኤሌክትሪሺያን ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር። እርሳቸው በታመሙበት ሳምንት መስመሩ አራት ቀን ቆመ። አንባቢ የሌለው ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር እንደሚታመም ያን ጊዜ ተረዳሁ። የ1968ቱ ሦስተኛ መስፈርት የተነሣውም በዚሁ ችግር ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን አላስጌጥም። መስፈርቱ አንድ ቢሆንም በአንዱ አምራች መሣሪያ የተጻፈ ፕሮግራም ሳይስተካከል በሌላው ላይ አይሠራም፤ በአንድ ሰው ላይ የነበረው ጥገኝነት በከፊል ወደ አንድ ኩባንያ ዞሯል። የከባቢ አየርን መናወጥ በሰከንድ መቶዎችና ሺህ ጊዜ የሚያርመው ሥራም ዛሬም የልዩ ኮምፒውተሮች ድርሻ ነው።

ለእናንተ ለተማሪዎች ግን አንድ ቁም ነገር ይቀራል። በስሚንቶና በቢራ ፋብሪካዎቻችን ለልምምድ ስትወጡ የምታገኙት ቋንቋ በፓራናልም የሚነገር ነው። በእንጦጦ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን። የእነርሱም ሆነ ወደፊት የምንሠራቸው መሣሪያዎች ዕድሜ የሚለካው፣ ሠሪው ከሄደ በኋላ አንብቦ የሚጠግን ሰው በማግኘታቸው ነው።