ካርቦን አልባ ሞተርና ዳግም ጥቅለላው

የማርዳን መተላለፊያ አልፎ ወደ ጅጅጋ ሜዳ የወረደ መንገደኛ ሐይቅ አያገኝም፤ ከከተማይቱ ወደ ቀብሪ በያህና ወደ ሐርሺን በራቀ መጠንም ውኃ የሚባለው በረከት፣ ሰው ቆፍሮና ግድግዳውን ለስኖ የክረምቱን ጎርፍ በሚያጠራቅምበት በበርካ ውስጥ ተወስኖ ይታየዋል። እንዲህ ባለ አገር በሬዲዮ ስለሚነዳ የጀልባ አምሳያ፣ ይልቁንም ስለዚያ ጀልባ ሞተር ጥቅለላ መጻፍ ለአንባቢ እንግዳ ነገር ሳይመስለው አይቀርም። ዳሩ ግን እዚህ የሚተረጎመው ቃል ከጀልባው ጋራ ይምጣ እንጂ ከጀልባው ጋራ የሚቀር አይደለም፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎችና ሞተር ሳይክሎች ብዙዎቹ በዚሁ ዓይነት ሞተር የሚንቀሳቀሱ ናቸውና። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ ባጃጅ እግሯ በሆነላት በጅጅጋም ቢሆን ይህ ሞተር ተቃጥሎ ወደ ጥገና ቤት የሚመጣበት ቀን ሩቅ አይደለምና፣ ስሙን አስቀድሞ ማሰናዳት ይገባል።

ጀልባውንም ለምሳሌ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1838 እ.ኤ.አ. ያኮቢ የተባለው መሐንዲስ በሴንት ፒተርስበርግ በኔቫ ወንዝ ላይ ሰዎች አሳፍሮ በኤሌክትሪክ ሞተር የነዳው ጀልባ ነበረ፤ በ1898 እ.ኤ.አ.፣ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ ኒኮላ ቴስላ በኒው ዮርክ ለሕዝብ ያሳየው በሬዲዮ ሞገድ የሚታዘዝ ፍጥረትም እንዲሁ ትንሽ ጀልባ ነበረ።

እንግሊዞች ሞተሩን ብራሽለስ ይሉታል፤ ብሩሽ የሌለው ማለት ነው። ብሩሽ የተባለበትን ምክንያት እንደ አንድምታ መምህራን ልማድ ከሥሩ የመረመርን እንደ ሆነ፣ በጥንቱ ሞተር ኤሌክትሪክን ለሚሽከረከረው አካል የሚያቀብለው ነገር የቀጫጭን መዳብ ሽቦ እስር ነበረና መልኩ በእውነት ብሩሽ ይመስል ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሽቦው እስር ፈንታ ጠጣር የካርቦን ቁራጭ ገባ፤ ነገሩ ተለውጦ ስሙ ግን በቦታው ቀረ። የእኛ አገር ባለሙያ ያንን የመዳብ እስር ሳያይ፣ ሲነኩት ጣት የሚያጠቁረውን ቁራጭ ብቻ ስላየ፣ የመኪና ሞተሪኖ ወይም ድሪል ፈትቶ «ካርቦኑ አልቋል» ይላል እንጂ «ብሩሹ አልቋል» ሲል ብዙም አይሰማም። እንግዲህ ብሩሽ አልባ ብለን ብንተረጉም ቃሉን ተርጉመን ምሥጢሩን ልንስተው ነው፤ ብሩሽ በአማርኛችን ጥርስ የሚፋቅበትና ቀለም የሚቀባበት ነውና። ስለዚህ ትርጓሜው ካርቦን አልባ ሞተር ይሁን እላለሁ። «አልባ» ራሷ ከግእዙ «አልቦ» ወገን ናት፤ በዚያ ልሳን «አልቦ» የለውም፣ «አልባ» የላትም ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ግን ጾታዋን ትታ ቤት አልባ፣ ወላጅ አልባ እያልን ለሁሉ እንገለገልባታለን።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አልሸሽግም። ጋዜጦች ስለ አየር ንብረት ሲጽፉ «ከካርቦን ነጻ» ይላሉና፣ ካርቦን አልባ ሞተር የተባለ እንደ ሆነ ሰሚው ጭስ የሌለው ሞተር ብቻ መስሎት ሊሳሳት ይችላል። ነገር ግን ስያሜው የሚያገለግለው በመጀመሪያ ሞተሩን ለሚፈታው ሰው ነው፤ ለእርሱ ደግሞ ካርቦን በጣቱ የሚይዘው ነገር ነው። ሞተሩን ከፍቶ ካርቦኑን ፈልጎ ያጣው ባለሙያ ስሙን ከእኛ ሳይሰማ ራሱ ሊያወጣው ይችላል።

አሠራሩም ከስሙ ጋራ ይስማማል። በባለ ካርቦኑ ሞተር ጥቅሉ ሽቦ ይሽከረከራል፣ መግነጢሱ ይቆማል፤ በካርቦን አልባው ግን ጥቅሉ ቆሞ መግነጢሱ ይሽከረከራል፤ የሚዞር ሽቦ ከሌለ ኤሌክትሪክ በመፋተግ የሚያቀብል ካርቦንም አያስፈልግም። የኤሌክትሪኩን ተራ እየለዋወጠ መግነጢሱን ሽቦው ከተጠመጠመበት ከአንዱ የብረት ጥርስ ወደ ሌላው የሚያስከትለው የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ሲሆን፣ ይህንን ብልሃት ዊልሰንና ትሪኪ የተባሉ መሐንዲሶች በ1962 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አቅርበውታል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒዮዲሚየም የተባለው ኃይለኛ መግነጢስ ሲገኝ ደግሞ በመዳፍ የሚያዝ ሞተር ጀልባ የሚያስፈነጥር ጉልበት አገኘ።

ሁለተኛው ቃል ጥቅለላ ነው። የተቃጠለ የውኃ ፓምፕ ወይም የወፍጮ ሞተር ያለው ሰው «ላስጠቅልለው» ይላልና፣ አሮጌውን ሽቦ አውጥቶ አዲስ የማስገባቱን ሥራ ዳግም ጥቅለላ ብንለው ከሕዝቡ አፍ አንርቅም። በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ የሚዞረውን ግን ጥምጥም ማለት ይሻላል። ጥምጥም የካህኑ ራስ መጎናጸፊያ ነው፤ የሼኩም ነው፤ በሶማሊኛም ድምፁ ረዘም ብሎ የሚነገረው «ዱብ» መጠቅለልንም ጥምጥምንም የሚያመለክት አንድ ቃል ነው። ሁለቱ ልሳኖች ሳይመካከሩ የመጠምጠምን ሥራ ከራስ ላይ ከሚታየው ክብር ጋራ ማዋሐዳቸው ልቤን ደስ ያሰኘዋል፤ በጅጅጋ ያለ አማርኛ ተናጋሪ መምህርም ለሶማሊ ተማሪው ይህን ሥራ ሲያስረዳ ከዚህ የቀረበ ቃል አያገኝም።

ጥምጥሙ የሚቆጠረው በዙር ነው፤ የሞተሩም ጠባይ ያለው በዚህ ቁጥር ውስጥ ነው። ጭነት የሌለበት ሞተር ለእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚለካበትን መጠን ዙር በቮልት እንበለው። በየጥርሱ 10 ዙር ተጠምጥሞለት 1,000 ዙር በቮልት የሚሰጥ ሞተር፣ ወደ 8 ዙር ቢቀነስ 1,250 ይሰጣል፤ ጥምጥሙ ባነሰ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ለአንድ አምፔር የሚሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል ግን ይቀንሳል። ዙሩን የቀነሰ ሰው በተረፈው ቦታ ወፍራም ሽቦ ማስገባት አለበት፤ አለዚያ ሽቦው የሚጨምረውን ኤሌክትሪክ አይችለውም። የሞተሩ ሦስት ጥቅሎች፣ አንድ አንድ ጫፋቸው በአንድ ነጥብ በሚገናኝበት በኮከብ ፈንታ፣ በሦስት ማዕዘን እርስ በርስ በሚያያዙበት በዴልታ ቢታሰሩም፣ አንድ ዙር ሳይነካ ፍጥነቱ 1.73 እጥፍ ይሆናል።

ጥርሶቹ ወደ ውጭ የሚታዩ፣ መግነጢሱም እንደ ደወል ከላይ የሚከደን ሞተር ለእጅ ጥቅለላ ይመቻል። 12 ጥርስና 14 መግነጢስ ያለው ከሆነ የመጀመሪያው ሽቦ 1ኛውን ጥርስ ወደ ቀኝ፣ 2ኛውን ወደ ግራ፣ ተሻግሮም 7ኛውን ወደ ግራ፣ 8ኛውን ወደ ቀኝ ይጠመጥማል፤ የቀሩት ሁለቱም ሽቦዎች በየድርሻቸው አራት አራት ጥርስ ይይዛሉ። አንዲት ጥርስ አቅጣጫዋ ከተሳሳተ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ያጓራል፣ ይሞቃል፤ ስለዚህ ጠቅላዩ ከመጀመሩ በፊት ሥርዓቱን በወረቀት ላይ ይሣል።

የጀልባ ሞተር የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ በፕሮፔለሩ ላይ ሣር ወይም ክር ተጠምጥሞ ሲይዘው ነው። መዞር ሲያቅተው ኤሌክትሪኩ ይበረታል፤ ኤሌክትሪኩ እጥፍ ሲሆን በሽቦው ላይ ያለው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆንና የሽቦውን ቫርኒሽ ያነደዋል። አሮጌውን ሽቦ ለማውጣት ሞተሩን በእሳት ላይ ማኖር ግን እጅግ የምጠላው ልማድ ነው፤ ተራው የኒዮዲሚየም መግነጢስ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ ኃይሉን አጥቶ ላይመለስ ይችላል፣ በስስ የብረት ቅጠሎቹ መካከል ያለው ሽፋንም ይጎዳል። መግነጢሱን አስቀድሞ ለይቶ፣ ሽቦውን በትዕግሥት ቆራርጦ መምዘዝ ይሻላል፤ የብረቱም ስል ጠርዝ አዲሱን ቫርኒሽ እንዳይልጠው ከጥምጠማው በፊት በወረቀት ወይም በቀለም ይሸፈን።

ጥቅለላው ሲያልቅ በቴስተር በሽቦውና በብረቱ መካከል ግንኙነት አለመኖሩ ይታያል። የሦስቱን ጥቅሎች እኩልነት ግን ተራ ቴስተር አይለየውም፤ የሽቦው ተቃውሞ እጅግ ጥቂት ነውና። ብልሃቱ ሞተሩን በድሪል ማሽከርከር ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩ በሲቲ ዞን አይሻ ላይ እንደ ተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ በሦስቱ ጫፎች መካከል ሁለት ሁለቱን እያገናኙ የሚለኩት ሦስት ቮልቶች እኩል ከሆኑ ጠቅላዩ አልተሳሳተም። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በጀልባው ውስጥ ገብቶ፣ ፕሮፔለሩ ውኃ እየገፋ ለአጭር ጊዜ ይፈተናል፤ በጅጅጋም ለዚህ አንድ ሰፊ ሳፋ ይበቃል፤ በርካው ለሰውና ለግመል መጠጥ የተጠራቀመ ነውና አይነካም።